የመቁረጫ ነጥቡና መለኪያውን የያዘው እጅ፦ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመስክ ሥራ የተወሰደ ማስታወሻ

በ11.4 እና በ11.5 ሴንቲ ሜትር መካከል ያለው ርቀት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የጋራ መግለጫ መሠረት፣ ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነ ሕፃን የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን በከፍተኛ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ተይዟል ይባላል። በመለኪያው ላይ ይህ ክፍል ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከ12.5 ጀምሮ አረንጓዴ። ቀዩ ውስጥ የገባ ሕፃን ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለበትና የምግብ ፍላጎቱ ተፈትኖ ደህና ከሆነ በተመላላሽ ሕክምና ይመዘገባል። በየሳምንቱ እየተመዘነ ፕላምፒ ነት የሚባለውን፣ አንዱ ከረጢት 92 ግራም የሚመዝንና 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል የሚሰጥ፣ ከኦቾሎኒ የተዘጋጀ ምግብ ይወስዳል። ቢጫው ውስጥ ያለው ሕፃን ግን፣ ቢያንስ እኔ የመመረቂያ ጥናቴን በሠራሁባቸው ጤና ጣቢያዎች፣ ለእናቱ የአመጋገብ ምክር ተሰጥቶ ይሸኛል።

ለጤና ኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህች ሚሊ ሜትር ሀብት ናት። ሕክምናው ምን ያህል ጠቀመ ብለን ስንጠይቅ የታከሙትን ካልታከሙት ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አንችልም፤ የታከሙት ከመጀመሪያውም ይበልጥ የተጎዱ ስለሆኑ ንጽጽሩ ሕክምናውን ጎጂ አስመስሎ ሊያቀርበው ይችላል። ዕጣ አውጥቶ ለግማሾቹ መስጠትና ለግማሾቹ መንፈግ ደግሞ በተራበ ሕፃን ፊት የሚታሰብ አይደለም። በዚህ መካከል መንገድ የሚከፍተው ሪግሬሽን ዲስኮንቲኒዩቲ የተባለው ዘዴ ነው። እኔ «የመቁረጫ ነጥብ ዘዴ» እለዋለሁ፤ መቁረጫ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ የኢትዮጵያ ተማሪ ሁሉ በራሱ ላይ ደርሶበት ያውቀዋልና።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። 49.8 ያመጣችውና 50.1 ያመጣችው ልጅ በችሎታ ይለያያሉ ብሎ የሚከራከር መምህር አላጋጠመኝም። የለያቸው አንድ ጥያቄ፣ ምናልባትም አንድ ግምት ነው። ይሁን እንጂ አንዷ በቀጥታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆነች፣ ሌላዋ አልሆነችም። ከዓመታት በኋላ በሁለቱ ዓይነት ልጆች ሕይወት መካከል የሚታየውን ልዩነት በዩኒቨርሲቲ መግባትና አለመግባት ማሳበብ የምንችለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዘዴውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረቡት ቲስልዌይትና ካምቤልም የተነሡት ከተማሪዎች ውጤት ነበር፤ ከተወሰነ ነጥብ በላይ ያመጡት የክብር ምስክር ወረቀት የሚያገኙበት ውድድር ነበር ያጠኑት። ኢኮኖሚስቶች ለረጅም ዘመን ዘንግተውት ከቆዩ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርሰውበት፣ ዛሬ ያለ እርሱ የሚሠሩ አይመስሉም።

ዘዴው የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፦ በመስመሩ አጠገብ ያለ ሰው በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ በትክክል መምረጥ አይችልም የሚል ነው። የፈተናው ወረቀት የሚታረመው በማሽን ነው። የሕፃን ክንድ ግን በማሽን አይለካም፤ እኔም ይህን ለመረዳት ከሚገባው በላይ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

መጀመሪያ ያሰብኩት መስመር ሌላ ነበር። ሰበታ በጅማ መንገድ በደቡብ ምዕራብ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ በምዕራብ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ በሰሜን፣ አዲስ አበባን ከብበው የሚገኙ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተዋቀሩ ከተሞች ናቸው። ወደ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ የተቀመጠ ሰው የአስተዳደር ወሰኑን ያለፈበትን ቅጽበት ልብ አይልም፤ ቤቱም፣ ሱቁም፣ ጭቃውም ያው ነው። እኔም ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉ ቤተሰቦችን አነጻጽሬ የጤና አገልግሎቱን ልዩነት አገኛለሁ ብዬ ነበር። አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉበት፦ «በዚህ መስመር ላይ የሚለወጠው ምንድን ነው?»

የሚለወጠው ብዙ ነው። ጤና ቢሮው ይለወጣል፤ የሥራ ቋንቋው፣ የጤና መድኑ አስተዳደር፣ የውኃው ሥርጭት፣ ከሁሉም በላይ የቤት ኪራዩ ይለወጣል። ኪልና ቲቲዩኒክ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስጠነቀቁት፣ በመልክዓ ምድራዊ ወሰን ላይ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚለወጥ የአንዱን ውጤት ከሌላው መለየት አይቻልም። ሰዎቹም ቢሆኑ በኪራይ ምክንያት መርጠው የሰፈሩ ናቸው። ደግሞስ የቡራዩ እናት ምጥ ሲበረታባት ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መሄዷ ምን ያስገርማል? ሕሙማን ወሰን አይጠብቁም። ያን ረቂቅ ጣልኩት፤ ብዙም አላዘንኩበትም።

ወደ ክንድ መለኪያው የመጣሁት እንዲህ ነው። ጥያቄዬ ኢኮኖሚያዊ ነበር፦ በተመላላሽ ሕክምናው መታቀፍ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ቤተሰቡ ለልጁ ሕመም ከኪሱ የሚያወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል ወይ? እናትየው ከቀን ሥራዋ የምትቀርባቸውን ቀናትስ? በእነዚህ ከተሞች ብዙ እናቶች የሚኖሩት በቀን ሥራ ነው፤ በግንባታ፣ በአበባ እርሻ፣ በፋብሪካ። ልጅ ታሞ አንድ ቀን የቀረች እናት የዚያን ቀን ምሳም አብራ ቀረች ማለት ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት የመዝገቡ አሠራር ነበር። ጤና ጣቢያው የሚከታተለው የተመዘገበውን ሕፃን ነው፤ 11.6 ተለክቶ የተመለሰው ሕፃን ከልየታ መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ትቶ ይጠፋል። ከመስመሩ በላይ ያሉትን ልጆች ለማግኘት ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ቤት ለቤት መዞር ግድ ሆነብኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ አድራሻ የቀየረውን ቤተሰብ ስልክ እየደወሉ፣ ጎረቤት እየጠየቁ መፈለግ የመስክ ሥራዬን ግማሽ በላው። የአፋን ኦሮሞ ችሎታዬ ሰላምታ ከመለዋወጥ ብዙም ስለማያልፍ፣ የባለሙያዎቹ ትርጉም ባይኖር ኖሮ ግማሹን ቃለ መጠይቅ ባላደረግኩት ነበር።

ሁለተኛው ቀለል ያለ ነበር። ወደ ሕክምናው የሚገባው በክንድ ልኬት ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ሕፃን ልኬቱ 13 ቢሆንም ይመዘገባል፣ ከቁመቱ አንጻር ክብደቱ እጅግ ያነሰም እንዲሁ። ስለዚህ መስመሩ ላይ የመመዝገብ ዕድል ከዜሮ ወደ አንድ አይዘልም፤ ከፍ ይላል እንጂ። ይህ በመጻሕፍቱ የታወቀ መድኃኒት አለው። የውጤቱን ዝላይ ለምዝገባው ዝላይ ማካፈል ነው።

ሦስተኛው ግን መድኃኒቱም ሥቃይ ነበር። የልኬቶቹን ሥርጭት በግራፍ ባወጣሁበት ምሽት፣ ከሦስቱ ከተሞች በአንዱ በሚገኝ ጤና ጣቢያ መረጃ ላይ፣ 11.4 ላይ ያለው ዘንግ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ረዝሞ ቆሞ አየሁ። 11.5፣ 11.6 እና 11.7 ደግሞ ጥርስ እንደ ወለቀ ድድ ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ሰው ሲለካ ወደ ሙሉ ቁጥርና ወደ ግማሽ ማጠጋጋቱ የተለመደ ነው፤ 11.0፣ 11.5 እና 12.0 ላይ ክምር ባይ ባልደነገጥኩ። 11.4 ግን የማጠጋጋት ቁጥር አይደለም። ማክረሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ያቀረበው የሥርጭት ፈተና የተሠራው ይህን ዓይነት ነገር ለመያዝ ነው፤ ፈተናውን ሳደርገው የተናገረው ዓይኔ ከተናገረው የተለየ አልነበረም። በመስመሩ አጠገብ ያሉ ሕፃናት ወገናቸው ተመርጦላቸዋል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር፤ አልሸሽገውም። የአንድ ዓመት ሥራዬን አንድ የማላውቀው ሰው በእስክሪብቶ እንዳበላሸብኝ ነው የቆጠርኩት። በማግሥቱ ግራፉን በስልኬ ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩና ልጆቹን ለሚለኩት ነርስ አሳየኋቸው።

«ሲስተር፣ ይህቺ ዘንግ ለምን እንዲህ ረዘመች?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውጥተው አዩና «እኔ ነኛ» አሉኝ።

ከዚያ የሚቀጥለውን ሕፃን እየለኩ ነገሩኝ። «መለኪያውን ትንሽ ሳብ ካደረግሽው ይወርዳል። 11.6 የሆነች ልጅ ይዛ የምትመጣ እናት አለች፤ እጇን ሳየው ሲሚንቶ በልቶታል፤ ጡቷ ደርቋል። ቢጫ ነው፣ ምክር ብቻ ነው ያለሽ ብዬ ልመልሳት? በሚቀጥለው ወር ትመጣለች ብለሽ ነው? ኪራይ ሲጨመርባት ሌላ ሰፈር ትገባለች። ከመጣችም ልጇ 10.8 ሆና ነው የምትመጣው።»

«ግን እኮ ልጅቱ 11.6 ናት» አልኳቸው።

«በምን አወቅሽ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል፤ በሥነ ልኬት ረገድ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች የአንዱን ሕፃን ክንድ ተከታትለው ሲለኩ በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ሊለያዩ ይችላሉ። መለኪያው የሚጠመጠመው ሥጋ ላይ ነው፤ ሥጋ ደግሞ ይታመቃል። ከስሕተቱ ስፋት ባነሰ ርቀት ላይ ያለ ቁጥር «ውሸት» ነው ለማለት የሚያስችል እውነተኛ ቁጥር በእጄ የለም። በሌላ በኩል ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ስሕተት መሆኑ ይቀራል። ሲስተር የሚስቡት ለሁሉም ሕፃን ሳይሆን ለመረጡት ነው። የሚመርጡትም መለኪያው የማያየውን አይተው ነው፤ የእናቲቱን እጅ፣ ያለ አባት የመጣውን ልጅ፣ አንድ ከረጢት ከሦስት ወንድሞቹ ጋር የሚካፈለውን።

ነገሩ የከበደኝ የዚህን ምርጫ ውጤት በሒሳቡ ውስጥ ስከተል ነው። ከመስመሩ በላይ መቅረት የነበረባቸው እጅግ ድሆቹ ልጆች ወደ ታች ተስበው ከታካሚዎቹ ጋር ተቀላቀሉ። ከመስመሩ በላይ የቀሩት ሲስተር አይተው «ይህችስ ትችላለች» ያሏቸው፣ በአንጻራዊነት የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው። እንግዲህ ከስድስት ወር በኋላ ሁለቱን ወገኖች ሳነጻጽር፣ ከታች ያሉት ይበልጥ ታመሙ፣ ቤተሰባቸውም ይበልጥ ወጪ አወጣ፤ ይህ የሆነው ግን ሕክምናው ስላልረዳቸው ሳይሆን ከመነሻው ይበልጥ የተቸገሩ ስለነበሩ ነው። በኮምፒዩተሬ ላይ የወጣው ግምት ሕክምናው ለቤተሰብ ወጪ ምንም እንዳልጠቀመ የሚያሳይ ነበር። የሲስተር ርኅራኄ እኔ እጅ ላይ ሲደርስ በራሳቸው ፕሮግራም ላይ የሚመሰክር ማስረጃ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቁጥር ሳይመረምር የሚያነብ የበጀት ኃላፊ ፕላምፒ ነቱን ቢቀንስ አይፈረድበትም።

ችግሩ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። በኮሎምቢያ ሲስቤን የተባለው የድህነት መመዘኛ ነጥቡ 47 ላይ ይቆረጥ ነበር። ካማቾና ኮኖቨር እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ የነጥብ አሰጣጡ ቀመር ለአካባቢ ባለሥልጣናት ከታወቀ በኋላ ልክ ከ47 በታች ትልቅ ክምር ታየ፤ ክምሩ ደግሞ የምርጫ ፉክክር ከበረታባቸው ቦታዎች ጋር ይገናኝ ነበር። በአሜሪካ አልመንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ከ1,500 ግራም በታች ሆነው የተወለዱ ሕፃናት ተጨማሪ ሕክምና ስለሚያገኙ ከመስመሩ ጥቂት በላይ ካሉት ይልቅ የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳዩ። በዓመቱ ባሬካና ባልደረቦቹ፣ ልክ 1,500 ላይ የተከመሩት ሕፃናት ያለ ልክ የሞት አደጋ የበዛባቸው መሆናቸውን፣ እነርሱ ሲወጡ ግምቱ በእጅጉ እንደሚያንስ አመለከቱ። በዚያ ክምሩ ከመስመሩ በላይ በኩል ስለነበረ የሕክምናውን ጥቅም አጋነነው፤ በእኔ መረጃ ከመስመሩ በታች ስለሆነ ጥቅሙን ሰወረው። ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው እንደሚከፋ የሚወሰነው ፕሮግራሙን በማን ገንዘብ እንደምንሠራው ይመስለኛል፤ ይህ የግል አስተያየቴ ነው።

የባሬካን መንገድ ሞክሬዋለሁ። በመስመሩ ዙሪያ ያሉትን ልኬቶች አውጥቶ በቀሩት መገመት፣ ስሙም ከመሐል ከተበሳው ዳቦ ከዶናት የተወሰደ ነው። ግን እኔ ያወጣኋቸው ልጆች ጥያቄው የሚመለከታቸው ልጆች ራሳቸው ናቸው። ዶናቱን በልቼ ስለ ቀዳዳው ስጽፍ ራሴን ታዘብኩት።

በመጨረሻ የተጠቀምኩት ዤራርድ፣ ሮካነንና ሮት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡትን የወሰን ስሌት ነው። ከክምሩ ቁመት በመነሣት ከመስመሩ በታች ካሉት ምን ያህሉ ተስበው የገቡ እንደሆኑ ይገመታል። የትኞቹ እንደሆኑ ስለማይታወቅ፣ አንድ ጊዜ እጅግ የታመሙት ናቸው ብሎ፣ ሌላ ጊዜ እጅግ ጤነኞቹ ናቸው ብሎ እነርሱን ቀንሶ ማስላት ነው። ከአንድ ቁጥር ይልቅ ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ይወጣል። የእኔ ክልል ሰፊ ነው፤ አንዱ ጫፉ ጥቅም የለም ይላል፣ ሌላው ጫፍ ቤተሰቡን ከብዙ ወጪ ያድናል ይላል። በመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ቀን «ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?» መባሌ አልቀረም። መልሱ ክልሉ ነው አልኩ። ፈታኞቹ ሙሉ በሙሉ እንዳልረኩ ፊታቸው ይናገር ነበር።

ስለ ሲስተር ምን ልጻፍ የሚለው ደግሞ ከሒሳቡ የከበደ ሆነብኝ። ክምሩን ካልጻፍኩ ጥናቴ ሐሰት ነው። የጤና ጣቢያውን ስም ከጻፍኩ፣ መዝገቡን የሚፈትሽ ሰው 11.4 የሚለውን ሁሉ ማን እንደጻፈው ለማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ግራፉን ለሦስቱም ከተሞች በጋራ ላሳየው ብዬ ሞከርኩ፤ የሁለቱ ንጹሕ መረጃ የአንዱን ክምር ስላደበዘዘው ተውኩት። ከተሞቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ፣ የወራቱን ቅደም ተከተልም አጥፍቼ አቀረብኩ። ስለዚህ እዚህም ቢሆን የትኛው ከተማ እንደሆነ አልተናገርኩም፤ አንባቢም እንዳይገምት እለምናለሁ።

ከመሰናበቴ በፊት አንድ ሐሳብ ይዤ ወደ ሲስተር ተመለስኩ። በመዝገቡ ላይ ከልኬቱ አጠገብ «በባለሙያ ውሳኔ የተመዘገበ» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ልኬቱ 11.6 ተብሎ በእውነት ይጻፋል፤ ልጅቱም ትገባለች። ለተመራማሪውም ማን በመለኪያው፣ ማን በሰው ዓይን እንደገባ ተለይቶ ይታወቃል። ይህን በጽሑፌ የውሳኔ ሐሳብ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አሁንም አምንበታለሁ።

ሲስተር ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ጥሩ ነው» አሉ፤ ቀጥለውም «ግን ያን ዓምድ በየወሩ የሚያነበው ሰው ለምን አስገባሻት ብሎ ይጠይቀኛል። 11.4 ስጽፍ እኮ የሚጠይቀኝ የለም» ብለው በር ላይ የቆመችውን እናት ጠሯት።